ዛሬ ዋጠ፤ ከ10 ዓመት በኋላስ?



«አማኑኤል» ሲባል እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን፣ ጎረቤቱን፣ የልጅነት መንገዱን ያስባል። ከሰፈሩ ውጭ ያለው አዲስ አበቤ ግን ቀድሞ የሚመጣለት ሆስፒታሉ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበረ፣ የሰፈራችሁ ስም የበሽታ ስም እስኪመስል ድረስ ለቀልድም ለስድብም ሲውል ሰምታችኋል። ስለ መዋጥ ችግር ልናገር መጥቼ ከዚህ መነሣቴ ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ የማወራለት በሽተኛ፣ ትክክለኛ ምርመራ ሳያገኝ በፊት ብዙ ጊዜ «ጭንቀት ነው» የሚባል ሰው ነውና።

እህል በረንዳ የሚውል አንድ ነጋዴ በሐሳባችን እንያዝ። ከመጀመሪያው አንሥቶ እንጀራ ደረቱ ላይ ይቆምበታል፤ በውኃ ሊያወርደው ይሞክራል። ውኃውም እንዲሁ አልወርድ ይለዋል። ሠርግ ቤት ሲጠራ ጉርሻ ሽሽት ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ማኅበር ላይ «ጾም ላይ ነኝ» ይላል። ሌሊት የማታው ራት እንዳለ ተመልሶ ትራሱ ላይ ያገኘዋል፤ አንዳንዴም ትን ብሎት ሲስል ያድራል። ሳሉና ክሳቱ ተደምረው ለሳንባ ነቀርሳ ያስመረምሩታል። አክታው ንጹሕ ሲሆን የጨጓራ መድኃኒት ይሰጠዋል። ያም ሳይረዳው ሲቀር ቤተሰቡ መምከር ይጀምራል፤ አንዱ ጭንቀት ነው ሲል፣ ሌላው ሰው አብልቶት ነው ይላል።

ስለዚህ «አብልተውት ነው» ስለሚባለው ነገር ትንሽ ልቆይ። ይህ ሰው ጠበል ቦታ ሄዶ በባዶ ሆዱ ብዙ ሲጠጣ ያስመልሰዋል። የሚወጣው ደግሞ ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ የበላው፣ ያልተፈጨና የሸተተ ምግብ ነው። የሚያይ ሰው «ይኸው፣ ያበሉት ወጣለት» ቢል አልፈርድበትም፤ ያየው ነገር እውነት ነው። ምግቡ ከነመልኩ የወጣው ግን መጀመሪያውኑ ጨጓራ ስላልደረሰ ነው። ጠበል መጠመቁን ማንም አይከለክለውም፤ እኔ የምለው ያ የወጣው ምግብ ለሐኪምም ይነገርለት ነው። «የበላሁት ሳይፈጭ ይመለሳል» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለምርመራው ግማሽ መንገድ ናት።

በሽታው አካሌዥያ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «አለመላላት» ማለት ነው። የምግብ ቧንቧችን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ታች ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የጡንቻ ቀለበት አለ። ጤነኛ ሰው ሲውጥ ቀለበቱ ላላ ብሎ ያሳልፍና መልሶ ይገጥማል። ይህን ጡንቻ የሚያዝዙት ነርቮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ «ጥበቅ» ይለዋል፣ ሌላው «ላላ»። በአካሌዥያ የሚሞቱት «ላላ» የሚሉት ናቸው። ሰውነት ራሱን በስሕተት በማጥቃቱ ሳይሆን እንደማይቀር በብዛት ይታመናል። ቀለበቱ እንደ ጠበቀ ይቀራል፤ ከላይ ያለው ቧንቧም ወደታች የመግፋት ኃይሉን ያጣል። ምግብ እላዩ ላይ እየተጠራቀመ፣ አፉ በሲባጎ እንደታሰረና ተዘቅዝቆ እንደተሰቀለ ጆንያ ከዓመት ዓመት ይለጠጣል። ባሪየም የሚባለውን ነጭ ፈሳሽ ጠጥቶ ራጅ የተነሣ ሰው ፊልሙን ቢያይ፣ ከላይ ሰፍቶ ከታች እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ ቅርጽ ያገኛል።

በሽታው ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም። በሌላው ዓለም የተሠሩ ጥናቶች በዓመት ከ100,000 ሰው አንድ ያህሉን አዲስ እንደሚይዝ ያሳያሉ። ይህ ስሌት ለእኛም ከሠራ፣ ሕዝባችን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነውና በየዓመቱ ከ1,000 የማያንስ ሰው ማለት ነው። ሴት ወንድ አይለይም።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እሱን ሳልናገር ወደ ሕክምናው አልገባም። በአገራችን መዋጥ አቃተኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ አካሌዥያ የለበትም። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቅ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የበዛበት መስመር አለ፤ አርሲና ባሌ በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው። ካንሰር ብዙውን ጊዜ በጠጣር ምግብ ይጀምርና በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ለስላሳው፣ ከዚያም ወደ ውኃው ይወርዳል። አካሌዥያ ግን ጠጣሩንም ውኃውንም ገና ከመጀመሪያው ያስቸግራል፤ ለዓመታትም ይጎተታል። ይህ ልዩነት ለሐኪሙ ፍንጭ ነው እንጂ ለእናንተ ቤት መቆያ ምክንያት አይደለም። በአፍ የሚገባው ካሜራ፣ ኢንዶስኮፒ፣ ገብቶ በዓይን ሳይታይ ማንም «ካንሰር አይደለም» ሊላችሁ አይችልም። መርካቶ ስላለን ደግሞ ይህንንም ልጨምር፤ ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ ቤት ሲቀመጥ ሕፃን ይጠጣዋል። እሱ የሚተወው ጠባሳ ነው፣ ሌላ ሕክምናም አለው፤ ቀጥዬ የማወራው ጡንቻን መቁረጥ አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ሕክምናው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1674 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንድ በሽተኛ ጽፏል። ከዓሣ ነባሪ አጥንት ቀጭን ዘንግ ሠራለት፣ ጫፉ ላይ ስፖንጅ አሰረበት። ሰውየው በበላ ቁጥር ዘንጉን አስገብቶ ምግቡን ወደታች ይገፋው ነበር፤ እንዲህ እያደረገ 15 ዓመት ኖረ። የዚህ በሽታ የመጀመሪያው የረጅም ጊዜ ውጤት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1913 ኤርንስት ሄለር የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ላይፕዚግ ውስጥ፣ 30 ዓመት ያህል በዚህ ሲሠቃይ የኖረ ሰው ሆድ ከፍቶ የቧንቧውን ጡንቻ ከውጭ በኩል ቆረጠለት። ከዚያ ወዲህ ሥራው የሄለር ቀዶ ሕክምና ይባላል። እኛም አገር ሲሠራ የኖረው ይኸው ነው፤ ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች በደረትና በሆድ ቀዶ ሐኪሞች እጅ ብዙ ሰው ወደ ማዕዱ ተመልሷል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በውጭ አገር በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እየታየ ይሠራ ጀመር። ከመቁረጥ ሌላ በፊኛ ማስፋትም አለ፤ ፊኛው ቀለበቱ ላይ ይነፋና ጡንቻውን በግድ ይበጥሰዋል። ቦቶክስ የሚባል መርፌም አለ፤ ኃይሉ ግን ከወራት ብዙም ስለማያልፍ ለቀዶ ሕክምና አቅም ለሌላቸው አረጋውያን የሚተው ነው።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 2008 ጃፓናዊው ሐኪም ሃሩሂሮ ኢኖዌ ዮኮሃማ ላይ ሌላ መንገድ ሞከሩ። በአፍ በገባ ኢንዶስኮፕ፣ ደረትም ሆድም ሳይከፈት ጡንቻውን ከውስጥ ቆረጡት። ስሙን በምህጻረ ቃል ፖኤም ይሉታል።

እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ከሐኪም ይልቅ ልብስ ሰፊ ይሻላል። የሱሪ ወገብ ላስቲክ አልላላ ብሎ ቢያስቸግር፣ ጎበዝ ሰፊ ሱሪውን አይተረትረውም። ገበሩን አንድ ቦታ ላይ በትንሹ ይከፍታል፣ በገበሩና በጨርቁ መካከል መቀሱን አሾልኮ ላስቲኩን ብቻ ይቆርጣል፣ ከዚያ የከፈተውን ቀዳዳ ይሰፋል። የምግብ ቧንቧም ገበር አለው፣ ውስጠኛው ሽፋን። በሽተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ሐኪሙ ከቀለበቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ከሽፋኑ ሥር ሰማያዊ ቀለም ያለው ፈሳሽ ይወጋና ሽፋኑን ከጡንቻው ያላቅቃል። ትንሽ ሰንጥቆ ይገባል፤ በኤሌክትሪክ ቢላ በሁለቱ መካከል ዋሻ እየከፈተ እስከ ጨጓራው አፍ ይወርዳል። ጡንቻውን ቆርጦ፣ ጨጓራው ውስጥ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አልፎ ይመለሳል። የገባበትን ስንጥቅ በብረት ክሊፖች ይዘጋዋል። ላስቲኩ ቢቆረጥም ገበሩ ደህና ስለሆነ ምግብ ወደ ደረት አይፈስም። ብዙ ጊዜ በማግስቱ ራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ ጠጥቶ ራጅ ይነሣል፤ የሚፈስ ነገር ከሌለ ፈሳሽ ምግብ ይጀምራል። ለዓመታት ገንፎና አጥሚት ላይ የኖረ ሰው በሳምንታት ውስጥ እንጀራ ሲበላ ማየት ለቤተሰቡ ተአምር ነው።

ተአምሩን አልነካም። እኔን የሚያሳስበኝ ከተአምሩ በኋላ ያለው ዓመት፣ ከእሱም በኋላ ያለው ነው። የተቆረጠው ጡንቻው እንጂ በሽታው አይደለም። የሞቱት ነርቮች አይነሡም፤ ቧንቧው እንደ ድሮው መግፋት አይጀምርም። ከዚያ ወዲያ ምግብ በራሱ ክብደት በተከፈተው በር ይወርዳል፤ ሕክምናው ያደረገው በሩን መክፈት ብቻ ነው። ስለዚህ «ዳነ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሆስፒታል በወጣበት ቀን ሳይሆን በአምስተኛው፣ በዐሥረኛው ዓመት መጠየቅ አለበት።

ሐኪሞች ይህን በአራት ጥያቄ ይመዝኑታል። ምግብ ይተናነቅሃል? ይመለስብሃል? ደረትህን ያምሃል? ከስተሃል? ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ይሰጣል፤ ለምሳሌ በየማዕዱ የሚተናነቀው ሰው ሦስት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚተናነቀው አንድ ያገኛል። ከ12 ነጥብ ሦስትና ከዚያ በታች ያመጣ ሕክምናው እንደ ሠራለት ይቆጠራል። ቀላል መለኪያ ነው፣ ግን ለእኛ ባሕርይ ወጥመድ አለው። የእኛ ሰው ሐኪም «እንዴት ነህ?» ሲለው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሱ። እንዲህ ያለ ሰው በየማዕዱ ሦስት ብርጭቆ ውኃ እየጠጣም ዜሮ ነጥብ ያገኛል። እግዚአብሔርን ማመስገን ያባት ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ከምስጋናው ቀጥሎ ዝርዝሩም ይነገር።

በዚህ መለኪያ የተገኘውን እነሆ። በ2019 የታተመ የአውሮፓ ጥናት 221 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ፖኤም፣ ለግማሾቹ በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራውን የሄለር ቀዶ ሕክምና አደረገ። በሁለት ዓመቱ ሕክምናው የሠራላቸው በፖኤም 83 በመቶ፣ በሄለር 82 በመቶ ገደማ ነበሩ። እነዚሁን ሰዎች በአምስተኛው ዓመት ሲጠይቋቸው 75 እና 71 በመቶ ገደማ ሆኑ። በዚያው በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት 133 ሰዎችን ይዞ ፖኤምን ከፊኛ ጋር አወዳደረ፤ በሁለት ዓመቱ 92 በመቶ በ54 በመቶ፣ በአምስት ዓመቱ 81 በ40። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ለፊኛ ፍርድ እንዳናዛባ ግን ይህንንም እንስማ፤ በ2011 የመጀመሪያ ውጤቱ የወጣ የአውሮፓ ጥናት ፊኛው ሲያስፈልግ በድጋሚ እንዲነፋ ፈቅዶ ነበር፣ በዚያ ጥናት በዐሥረኛው ዓመት ፊኛውም ቀዶ ሕክምናውም እኩል 74 በመቶ ላይ ተገናኙ። አንድ ጊዜ ነፍቶ መተውና በክትትል ደጋግሞ መንፋት አንድ ሕክምና አይደሉም።

እነዚህን ቁጥሮች ሳነባቸው የሚታየኝ የትኛው ሕክምና እንዳሸነፈ አይደለም። ሁሉም ቁልቁል ይሄዳሉ። ጡንቻው ከተቆረጠላቸው አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ከአምስት ዓመት በኋላም ይውጣሉ፤ አራተኛው ችግሩ ይመለስበታል። ምክንያቱ አንዳንዴ በጨጓራው በኩል በቂ አለመቆረጡ ነው፣ አንዳንዴ ጠባሳ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከታች የሚወጣው አሲድ ያመጣው ጥበት። ያ አራተኛው ሰው ተስፋ የለውም ማለት አይደለም፤ በሌላው ጎን በኩል እንደገና መቁረጥ ይቻላል፣ ፊኛም ይቻላል፣ ሄለር የተሠራለትም ወደ ፖኤም፣ ፖኤም የተሠራለትም ወደ ሄለር መሄድ ይችላል። ችግሩ እሱ ራሱ «ያ ሕክምና አልያዘኝም» ብሎ መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ዕዳ መጣሁ። ቀለበቱ የተፈጠረው ለክፋት አልነበረም፤ ሥራው የጨጓራን አሲድ ወደ ላይ እንዳይወጣ መከልከል ነው። ቆርጠን ስንከፍተው ለምግቡ መውረጃ የሆነው በር ለአሲዱም መውጫ ሆነ። የሄለር ቀዶ ሐኪም ይህን አስቦ የጨጓራውን ጫፍ አጥፎ በቧንቧው ላይ ይሰፋዋል፤ ግማሽ መከላከያ ነው። ፖኤም ግን ከውስጥ ስለሚሠራ በተለመደው አሠራሩ ይህ እጥፋት የለውም። በነዚያ 221 ሰዎች ላይ በሁለት ዓመቱ ኢንዶስኮፒ ሲደረግ፣ አሲድ ያቆሰለው ቧንቧ በፖኤም 44 በመቶ፣ በሄለር 29 በመቶው ላይ ተገኘ። በፊኛው ጥናት ደግሞ ፖኤም 41 በመቶ ሲሆን ፊኛ 7 ብቻ ነበር።

«ቃር ከያዘኝ መድኃኒት እወስዳለኋ!» ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ነው፤ ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ አብዛኛውን ሰው ይጠብቁታል። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ በሽታ የምግብ ቧንቧው ስሜትም ይደነዝዛል። ቁስሉ እያለ ቃር የማይሰማው ሰው ብዙ ነው፤ ቃር የሚመስል ነገር እየተሰማው ቁስል የሌለውም አለ። ስለዚህ «ቃር የለኝም» ማለት ቧንቧው ደህና ነው ማለት አይደለም። ማወቂያው ኢንዶስኮፒ ነው፤ በደህና ቀን፣ ምንም ሳያም። ደህና ሆኖ ሐኪም ቤት መሄድ ደግሞ ልማዳችን አይደለም፤ ወረፋውና ወጪውም ተጨምሮበት።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚደረግ አለ። ከራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየት፣ የአልጋውን ራስጌ በጡብ ወይም በጣውላ ከፍ ማድረግ። ጾመኛ ለሆናችሁ በተለይ፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ማታ አንዴ ሞልቶ ወዲያው መተኛት ለዚህ ቧንቧ ከሁሉ የከፋው ነው። ከፋፈል አድርጎ መብላት ይሻላል።

ሌላው የማይሰማ ነገር ደግሞ የቧንቧው መለጠጥ ነው። ሰውየው እየዋጥኩ ነው ይላል፣ ባሪየም ጠጥቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ራጅ ሲነሣ ግን ፈሳሹ ከላይ ቆሞ ይታያል። እንዲህ ሲሆን ቧንቧው ከዓመታት በኋላ እየተጣመመ ከረጢት ሊሆን ይችላል። በቆየ አካሌዥያ ላይ የምግብ ቧንቧ ካንሰርም ከሌላው ሰው ከፍ ባለ መጠን ይታያል፤ የሚይዘው ሰው ቁጥር ግን አሁንም ጥቂት ነው። በየስንት ዓመቱ መታየት እንዳለበት የዓለም ባለሙያዎች አልተስማሙም። ካንሰሩ በብዛት ባለበት በእኛ አገር፣ በእኔ ግምት ከላላው ይልቅ ወደ ጥብቁ ብናዘነብል ይሻላል።

ከዚህ ሰፈር አቅም ያለው ነጋዴ ታሞ ወደ ሕንድ ሲሄድ አይታችኋል። ሃይደራባድ በዓለም ላይ ፖኤም በብዛት ከሚሠራባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ እጃቸው የተፈተነ ነው። ሰውየው ተሠርቶለት፣ ቦሌ ዘመድ አበባ ይዞ ተቀብሎት፣ በግ ታርዶለት፣ ደስታው ያልቃል። የሕንዱ ሐኪም «በስድስት ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ» ብሎ የጻፈው ወረቀት በፌስታል ታስሮ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ከአራት ዓመት በኋላ እንጀራ እንደገና መተናነቅ ሲጀምር ወረቀቱ የለም። አዲሱ ሐኪም የተቆረጠው ከፊት ይሁን ከኋላ በኩል፣ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ አካሌዥያው ከሦስቱ ዓይነቶች የትኛው እንደነበር ሳያውቅ ከዜሮ ይጀምራል። ለሕክምናው ያ ሁሉ ብር ከወጣ በኋላ የአንድ ወረቀት መጥፋት ያናድዳል።

ያንን ፌስታል ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አውርዱት። የተሠራበት ቀን፣ የቁርጡ ርዝመትና ጎን፣ ከሕክምናው በፊት የነበረው ነጥብ፣ የማኖሜትሪው (የቧንቧውን ግፊት የሚለካው ምርመራ) ውጤት፣ በሲዲ የተሰጣችሁ የራጅ ፊልም፣ ሁሉም መኖሩን እዩ። የጎደለ ካለ ለሠራላችሁ ሆስፒታል ጻፉላቸው፤ ይልካሉ። አገር ቤት የተሠራላችሁም ከመውጣታችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁ። ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ዋናውን ከቤት ካርታው ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፤ የት እንዳለም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።